የትንፋሽ ምርመራን እምቢ ማለት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ምን ያስከትላል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ጉዳይ ምክራችሁን ለመጠየቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ከሠርግ ሲመለስ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ፖሊስ አስቆመው። መጠጣቱን አልካደም። በመስመር ላይ እንዲራመድና በአንድ እግሩ እንዲቆም ካደረጉት በኋላ በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ላይ እንዲነፋ ሲጠይቁት እምቢ አለ። ከዚያ ይዘውት ሄዱ፤ ጣቢያ ከደረሱ በኋላም አንድ ረጅም ቅጽ አንብበውለት በትልቁ መሣሪያ ላይ እንዲነፋ ቢጠይቁት አሁንም አልነፋም አለ። ይህን ያደረገው የሥራ ባልደረቦቹ «ካልነፋህ ማስረጃ የላቸውም፤ ጉዳዩ ይሰረዛል» ሲሉ ይሰማ ስለነበር ነው። መንጃ ፈቃዱን ወስደው በምትኩ ወረቀት ሰጡትና ሊነጋጋ ሲል ለቀቁት።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። እምቢ ማለቱ ራሱ ወንጀል ነው ወይስ አይደለም? መንጃ ፈቃዱ የሚታገደው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ወንድሜ ግሪን ካርድ ያለው ሲሆን በሚመጣው ዓመት ለዜግነት ሊያመለክት አስቦ ነበር፤ በተጨማሪም የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ትምህርት ጀምሯል፤ ይህ ሁሉ ምን ይሆናል? አልፎ አልፎ ቨርጂኒያ ተሻግሮ ስለሚሠራ የዚያንም ሕግ የምታውቁ ብትጨምሩልኝ ታላቅ ውለታ ነው።

የችሎት አስተርጓሚ

ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ ለወንድምዎ እግዚአብሔር ያቅልለት። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች በአማርኛ ሳስተረጉም ብዙ የዚህ ዓይነት ጉዳዮችን አይቻለሁና የማውቀውን በጥንቃቄ ልጻፍልዎ።

ከሁሉ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ለወንድምዎ የተሰጠው ወረቀት ለ45 ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ ሲሆን፣ ከዚሁ ጋር መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ነው። ወረቀቱ በተሰጠ በ10 ቀን ውስጥ ችሎት እንዲሰየምለት በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ እግዱ አይጀምርም፤ መንዳቱንም ሊቀጥል ይችላል። 10 ቀኑ ካለፈ እስከ 30ኛው ቀን ድረስ መጠየቅ ይቻላል፤ ሆኖም ያን ጊዜ 45 ቀኑ ሲያልቅ ችሎቱ ገና ሳይደርስ እግዱ ሊጀምር ይችላል። 30 ቀን ካለፈ በኋላ ግን የመከራከር ዕድሉ ይዘጋል። ጥያቄው የሚላከው ሃንት ቫሊ ወደሚገኘው የአስተዳደር ችሎቶች ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከ150 ዶላር ክፍያ ጋር። ብዙ ወገኖቻችን ወረቀቱን ኪሳቸው ከትተው የፍርድ ቤቱን መጥሪያ ሲጠባበቁ ይህ ቀን ያልፍባቸዋል፤ በጣም የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ቀኑ የሚያልፍባቸው ጉዳዩ አንድ ስለሚመስላቸው ነው። በሜሪላንድ በአንዲት ሌሊት ሁለት ጉዳዮች ይከፈታሉ። አንደኛው ጠጥቶ በማሽከርከር በፍርድ ቤት የሚታየው የወንጀል ክስ ነው። ሁለተኛው የሞተር ተሽከርካሪ አስተዳደሩ በመንጃ ፈቃዱ ላይ የሚወስደው እርምጃ ሲሆን ይህ የወንጀሉን ውጤት አይጠብቅም። በወንጀሉ ነፃ የወጣ ሰው እንኳ ትንፋሹን ለመስጠት እምቢ በማለቱ መንጃ ፈቃዱ ታግዶ ሊቆይ ይችላል። መነሻው፣ በግዛቲቱ መንገድ ላይ መኪና የነዳ ማንኛውም ሰው ሰክሮ ሲነዳ ተጠርጥሮ ከተያዘ ለመመርመር አስቀድሞ እንደተስማማ የሚቆጥረው ሕግ ነው። በአሜሪካ ያሉ ግዛቶች ሁሉ በዚህ መልክ የተቀረጸ ሕግ አላቸው፤ የሚለያዩት በቅጣቱ መጠንና በሥነ ሥርዓቱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ለ270 ቀን ይታገዳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ለ2 ዓመት። ነፍቶ ውጤቱ፣ ማለትም የአልኮል መጠኑ፣ 0.08 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የሚታገደው ለ180 ቀን ነው፤ ውጤቱ 0.15 ቢደርስም እንኳ ያው 180 ነው። ስለዚህ መንጃ ፈቃዱን በሚመለከት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው እምቢ በማለቱ ያገኘው ጥቅም የለም፤ እንዲያውም 90 ቀን ጨምሮበታል። እነዚህ ቁጥሮች ከፍ ያሉት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በሥራ ላይ በዋለው የኖህ ሕግ በሚባለው ነው። ኖህ ሊዮታ በሞንጎመሪ ካውንቲ ሰክረው የሚነዱትን ለመቆጣጠር ተሰማርቶ ሳለ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ሰክሮ በሚነዳ ሰው ተገጭቶ የሞተ ወጣት ፖሊስ ነበር።

ከእግዱ የሚያወጣ አንድ መንገድ አለ። ወንድምዎ በ30 ቀን ውስጥ ኢንተርሎክ የሚባለውን መሣሪያ መኪናው ላይ ለማስገጠም ከመረጠና ለአንድ ዓመት በፕሮግራሙ ከቆየ፣ 270 ቀን ከመታገድ ይልቅ መንዳቱን ይቀጥላል። መሣሪያው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ትንፋሽ ይጠይቃል፤ በጉዞ ላይም በየመሃሉ ይጠይቃል። ወጪው የራሱ ነው። ይህን መምረጥ በችሎት ከመከራከር ጋር የሚጋጭ ስለሆነ የትኛው እንደሚሻለው ሳይቸኩል፣ ነገር ግን ቀኑ ሳያልፍ፣ ከጠበቃ ጋር ይነጋገር።

እምቢታው ወንጀል ነው ወይ ላሉት፣ በሜሪላንድ ለብቻው የሚቆም ወንጀል አይደለም። ይሁንና ሁለት ነገሮች ከወንጀሉ ክስ ጋር ይያያዛሉ። እምቢ ማለቱ በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል። በዋናው ክስ ጥፋተኛ ከተባለና እያወቀ እምቢ ማለቱ ከተረጋገጠበት ደግሞ እስከ 2 ወር እስራት ወይም እስከ 500 ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም፣ በላዩ ሊጨመርበት ይችላል።

በመጨረሻም ሁለቱን መሣሪያዎች እንለያቸው። መንገድ ዳር በትንሹ መሣሪያ ላይ ለመንፋት እምቢ በማለቱ ብቻ መንጃ ፈቃዱ አይታገድም፤ የዚያ መሣሪያ ውጤትም በዐቃቤ ሕግ በኩል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። እግዱን ያመጣው ከተያዘ በኋላ በጣቢያ የተጠየቀው ነው። ብዙ ሰው «እኔ እኮ እምቢ ብዬ ምንም አልሆንኩም» ሲል የሚያወራው ስለ ትንሹ መሣሪያ ነው፤ ሰሚው ስለ ትልቁ አድርጎ ይወስደዋል።

ታዛቢ

የችሎት አስተርጓሚውን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ዐቃቤ ሕግ በእጁ ቁጥር ከሌለው ክሱ እንደሚደክም ማንም ጠበቃ ይነግራችኋል። በተለይ በቨርጂኒያ ውጤቱ 0.15 ከደረሰ ዳኛው ሊቀንሰው የማይችለው 5 ቀን እስራት አለ፤ ከ0.20 በላይ ከሆነ 10 ቀን ነው፤ ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ነው። ያልነፋ ሰው ይህ አይደርስበትም። ስለዚህ እምቢ ማለት ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለት ትክክል አይመስለኝም።

የችሎት አስተርጓሚ

አቶ ታዛቢ፣ ያነሱት የቨርጂኒያ ድንጋጌ እውነት ነው፤ ቁጥር ከሌለ ክሱ ሊከብድ እንደሚችልም አልክድም። ነገር ግን ክሱ በቁጥር ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። ፖሊሱ መኪናው ሲወላገድ አይቶ ከሆነ፣ የአልኮል ሽታ፣ የንግግሩ መጎተት፣ በመስመር ላይ የተራመደበት ሁኔታ፣ ይህ ሁሉ ማስረጃ ይሆናል፤ የሚታየውና የሚሰማው ደግሞ በፖሊሱ ደረት ላይ ባለው ካሜራ ሊቀረጽ ይችላል። ያለ ምንም ቁጥር በእነዚህ ብቻ ጥፋተኛ የተባሉ ሰዎችን ጉዳይ በአንደበቴ አስተርጉሜአለሁ።

ከዚህም በላይ እምቢ ማለት ምርመራውን ጨርሶ ላያስቀረው ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሚዙሪ ጉዳይ፣ ፖሊስ ደም ለመውሰድ በመሠረቱ የዳኛ ትእዛዝ እንደሚያስፈልገው ወስኗል። ይህ ውሳኔ ዜጋውን የሚጠብቅ ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙ ከተገኘ ደም በግድ ይወሰዳል ማለትም ነው። ዛሬ ዳኛን ሌሊት በስልክ ወይም በኮምፒውተር ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ያን ጊዜ ሰውየው ቁጥሩንም የእምቢታውንም ቅጣት አንድ ላይ ይሸከማል። ሰው ሞቶ ወይም ለሞት የሚያሰጋ ጉዳት ደርሶ ከሆነ ደግሞ የሜሪላንድ ሕግ ራሱ እምቢታን አይቀበልም።

ስለ ሕገ መንግሥታዊ መብት የሚያነሱም አሉና ይህን ልጨምር። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 እምቢታን በማስረጃነት ማቅረብ ራስን ከመወንጀል የመጠበቅ መብትን እንደማይጥስ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰሜን ዳኮታ በመጣው የበርችፊልድ ጉዳይ ደግሞ ትንፋሽና ደምን ለየ። ሰክሮ በመንዳት የተያዘ ሰው ያለ ዳኛ ትእዛዝ ትንፋሹን እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ግዛቶችም ይህን እምቢ ማለትን ወንጀል ሊያደርጉት ይችላሉ። ደም ለመስጠት እምቢ ማለትን ግን ትእዛዝ በሌለበት ወንጀል አድርጎ መቅጣት አይቻልም። መርፌ ወደ ሰው ገላ ይገባል፤ የተወሰደው ደምም ከአልኮል መጠን በላይ ሌላ ብዙ ነገር ሊመረመርበት ይችላል፤ ትንፋሽ ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው የሚል ነው ምክንያቱ። እንግዲህ «መብቴ ነው» የሚለው አነጋገር ለደም የተወሰነ ክብደት አለው፤ ለትንፋሽ ግን የለውም ማለት ይቻላል።

የአርሊንግተን ነዋሪ

ጠያቂያችን ቨርጂኒያንም ስላነሱ እኔ በዚህ በኩል ያለውን ልጻፍ። በቨርጂኒያም ሕጉ በመንገድ ዳር የሚደረገውን የመጀመሪያ ምርመራ እምቢ የማለት መብት ይሰጣል፤ ፖሊሱም ይህንኑ ሊያስረዳው ይገባል፤ እምቢ ማለቱም ማስረጃ ሆኖ አይቀርብበትም። ከተያዘ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ድርጊቱ ተፈጸመ ከተባለበት ሰዓት ጀምሮ በ3 ሰዓት ውስጥ የተያዘ ሰው ለምርመራው አስቀድሞ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ የተለየ ክስ ይቀርብበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ይህ ክስ የፍትሐ ብሔር ጥፋት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም፤ ነገር ግን የማሽከርከር መብቱን ለ1 ዓመት ያሳጣዋል፤ ይህም በዋናው ክስ ጥፋተኛ ከተባለ ከሚመጣው እግድ በተጨማሪ ነው። ካለፉት 10 ዓመታት ወዲህ በእምቢታ ወይም ሰክሮ በመንዳት ተቀጥቶ የነበረ ከሆነ ግን ትንፋሹን እምቢ ማለቱ ወንጀል ይሆናል፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል፤ እግዱም 3 ዓመት ነው። ይህ ሁሉ ሳይደርስ ደግሞ እዚያው ሌሊት የሚጀምር የ7 ቀን አስተዳደራዊ እግድ አለ።

በሁለቱ ግዛቶች መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለና ወገኖቼ እንድታስተውሉት እፈልጋለሁ። በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1984 በተሰጠ ውሳኔ መሠረት የተያዘ ሰው ለመንፋት ከመወሰኑ በፊት ጠበቃ ማነጋገር ከጠየቀ፣ ምርመራው መካሄድ ያለበትን የ2 ሰዓት ጊዜ እስካላስተጓጎለ ድረስ በስልክ ለማግኘት እንዲሞክር ዕድል ሊሰጠው ይገባል። በቨርጂኒያ ግን የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 ተቃራኒውን ወስኗል። «ጠበቃዬን ሳላነጋግር አልነፋም» ማለት በዚያ እንደ ተራ እምቢታ ይቆጠራል፤ ቆይቶ ሐሳብን መለወጥም የተፈጸመውን እምቢታ አይፍቀውም። ሁለቱን ግዛቶች የሚያገናኘውን የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ ያንኑ ቃል የተናገረ ሰው ፈጽሞ የተለየ ነገር ይገጥመዋል።

ሌላው ብዙዎቻችን የማናስበው የፌዴራል መንገዶች ጉዳይ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሬገን አየር ማረፊያ የምንመላለስበት የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ፣ እንዲሁም ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የሚወስደው ፓርክዌይ አብዛኛው ክፍል በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ናቸው። በዚያ የሚያስቆማችሁ የፓርክ ፖሊስ ሲሆን የሚሠራባችሁም የፌዴራል ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ምርመራን እምቢ ማለት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እስከ 6 ወር እስራት ሊያስከትል ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ተብሎም ወደ ፍትሐ ብሔር ዝቅ አይልም። ጉዳዩ የሚታየው በአሌክሳንድሪያ ወይም በግሪንቤልት በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ያለ ጁሪ በአንድ ዳኛ ፊት ነው። በሊፍትና በኡበር ሌሊት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች ይህን መንገድ በቀን ስንቴ እንደምትጠቀሙበት ስለማውቅ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ባለ ከባድ መኪና

የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድን በሚመለከት ማንም እንዳያታልላችሁ በግልጽ ልጻፍ። የፌዴራል ሕግ ይህ ፈቃድ (ሲ.ዲ.ኤል የሚባለው) ያለው ሰው እምቢ ያለው በራሱ የቤት መኪና ይሁን በከባድ መኪና ለይቶ አያይም። የመጀመሪያ ከሆነ ከባድ መኪና የመንዳት መብቱን ለ1 ዓመት ያጣል፤ አደገኛ ጭነት የጫነ ከባድ መኪና ሲነዳ ከሆነ ለ3 ዓመት። ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ የዕድሜ ልክ ነው፤ ግዛቱ ከፈቀደ ከ10 ዓመት በኋላ ሊታይለት የሚችል ቢሆንም። በከባድ መኪና ላይ የሚፈቀደው መጠንም እንደ ቤት መኪናው 0.08 አይደለም፤ 0.04 ነው። ኢንተርሎክ አስገጥሞ የቤት መኪናውን መንዳት ቢፈቀድለት እንኳ ያ ፈቃድ ለከባድ መኪና አይሠራም።

የጠያቂያችን ወንድም ገና ሲ.ዲ.ኤል ስላላወጣ ይህ በቀጥታ አይነካውም፤ ነገር ግን ተራው መንጃ ፈቃዱ ታግዶ ሳለ ሲ.ዲ.ኤል ሊሰጠው አይችልም፤ ቀጣሪዎችና ኢንሹራንሶችም መዝገቡን ያያሉ። ትምህርት ቤቱ ክፍያ እየተቀበለ ስለዚህ ምንም ላይነግረው ስለሚችል ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ያስብበት።

ሥራ ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ኩባንያው በድንገት የሚጠይቃችሁን የአልኮል ወይም የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እምቢ ማለት ተመርምሮ እንደተገኘበት ሰው ያስቆጥራል። ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ሁሉ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ይገባል፤ ከኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በዚያ መዝገብ የታገደን ሰው ሲ.ዲ.ኤል ግዛቶች ራሳቸው እንዲያነሱ ይገደዳሉ። ድርጅት በመቀየር የሚያመልጡት ነገር አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱ ከተሰጠው ገና ጥቂት ቀን ስለሆነ 10 ቀኑ አላለፈም። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ የተነበበለት ቅጽ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ወንድሜ በዕለት ሥራው የሚግባባበት እንግሊዝኛ አለው እንጂ ያን ዓይነት የሕግ ቋንቋ አይገባውም። አስተርጓሚ እንዳልጠየቀም ነግሮኛል። ይህ መከራከሪያ ይሆነዋል? ሁለተኛው የዜግነቱ ጉዳይ ነው። ሌላም ልጨምር፤ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ አስም አለበት፤ ይህን ግን ለፖሊሱ አልተናገረም።

የችሎት አስተርጓሚ

በቋንቋው ልጀምር። ግዛቶች በዚህ ላይ አንድ አቋም የላቸውም። የኒው ጀርዚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ስፓኒሽ ብቻ ለሚናገር ሰው ማስጠንቀቂያውን በእንግሊዝኛ ማንበብ ማሳወቅ አይባልም ብሎ ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ ማስጠንቀቂያውን በሌሎች ቋንቋዎች አዘጋጀች። በጆርጂያ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዲህ ያለውን መከራከሪያ አልተቀበለውም። ስለዚህ በአትላንታና በክላርክስተን ያሉ ወገኖች ኒው ጀርዚ የሆነውን ሰምተው እንዳይተማመኑበት። በሜሪላንድ የአስተዳደሩ ችሎት ሊያያቸው ከሚችላቸው ጥቂት ጭብጦች አንዱ ሰውየው ስለሚደርስበት ቅጣት በተሟላ ሁኔታ ተነግሮት ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ጠበቃው የቋንቋውን ነገር ሊያነሳ የሚችለው እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ቅጹ ላይ «ተረድቻለሁ» ብሎ ፈርሞ ከሆነ፣ በካሜራውም ላይ ከፖሊሱ ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገር የሚታይ ከሆነ፣ ዳኛው ይህን ይመዝናል። ለወንድምዎ ያለኝ ምክር የሚችለውን እንግሊዝኛ አሳንሶ እንዳያቀርብ ነው፤ ዳኛ አንድ ጊዜ እምነት ካጣ የቀረውን እውነት አይሰማም።

አስሙን በሚመለከት፣ መሣሪያው ሳያቋርጡ ለጥቂት ሰኮንዶች መንፋትን ይጠይቃል፤ በቂ አየር ያልሰጠ ሰውም እምቢ እንዳለ ሊቆጠር ይችላል። በቨርጂኒያ ትንፋሹን ለመስጠት አካሉ የማይፈቅድለት ሰው የደም ምርመራ ይደረግለታል እንጂ አይቀጣም፤ ይህ የሚሆነው ግን ሕመሙ በሰዓቱ ሲነገር ነው። ወንድምዎ «አልነፋም» ብሎ እንጂ «አልቻልኩም» ብሎ ስላልሆነ፣ አስሙ በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚረዳው አይመስለኝም። ሌሎች አንባቢዎች ግን ልብ በሉ፤ አስም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይናገር።

የዜግነቱን ጉዳይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ።

የኢሚግሬሽን ቢሮ ረዳት

በጠበቃ ቢሮ ውስጥ የዜግነት ማመልከቻዎችን በማዘጋጀት ስለምሠራ ልመልስ። ትንፋሽ ለመስጠት እምቢ ማለትና እሱን ተከትሎ የሚመጣው የመንጃ ፈቃድ እግድ በራሳቸው ግሪን ካርድ የሚያስነጥቁ ጉዳዮች አይደሉም። ሰው ያልተጎዳበት ተራ ሰክሮ የመንዳት ጥፋትም አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ በአብዛኛው ከአገር ለማባረር ምክንያት አይሆንም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2004 ሰክሮ በመንዳት ሰው ማቁሰል እንኳ የፌዴራሉ ሕግ «የኃይል ወንጀል» ከሚለው ውስጥ እንደማይገባ ወስኗል።

ዜግነት ግን ሌላ መለኪያ አለው። አመልካቹ በሕግ በተወሰነው ጊዜ፣ ማለትም በአብዛኛው ባለፉት 5 ዓመታት፣ መልካም ሥነ ምግባር እንደነበረው ማሳየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ በሰጡት ውሳኔ መሠረት በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰክሮ የመንዳት ፍርድ ያለበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል፤ ይህን ግምት ማፍረስ ይቻላል፣ ነገር ግን ከባድ ነው። አንድ ብቻ ያለበት ሰው በር አይዘጋበትም። መርማሪው ግን መዝገቡን ሁሉ ያያል፤ በአመክሮ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አመክሮው ሳያልቅ ዜግነት አይሰጠውም።

ሰዎቻችን በብዛት የሚሰናከሉት በሁለት ነገር ነው። ማመልከቻው ከታሰሩና ከተያዙ ይጠይቃል፤ የተሰረዘም ቢሆን መጻፍ አለበት። መደበቅ ከጥፋቱ የከፋ ጣጣ ያመጣል። ሁለተኛው፣ በሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ዳኛው ፍርዱን ይዞ በአመክሮ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ጠበቆች ፒ.ቢ.ጄ የሚሉት ነው። በግዛቲቱ ሕግ ይህ ጥፋተኛ መባል አይደለም። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ከሆነና ዳኛው በማንኛውም መልክ ከቀጣው እንደ ፍርድ ሊቆጠር ይችላል። እንግዲህ የወንጀል ጠበቃው «ምንም ችግር የለውም፣ ንጹሕ ሆነህ ትወጣለህ» ቢለው፣ ወንድምዎ የኢሚግሬሽን ውጤቱን በግልጽ ይጠይቀው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማንኛውም የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ይህን የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ወስኗል፤ ስለዚህ ጥያቄው ልመና አይደለም።

በተማሪነት ወይም በሥራ ቪዛ ላይ ያላችሁ ደግሞ የተለየ ስጋት አለባችሁ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ፍርድ ሳይጠብቅ፣ ሰክሮ በመንዳት መያዝን ብቻ ምክንያት አድርጎ ቪዛ ሊሰርዝ ይችላል። ከአገር ወጥታችሁ ስትመለሱ ነው ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው፤ ጉዳዩ ሳይቋጭ ለበዓል ወደ አዲስ አበባ ትኬት አትቁረጡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

የችሎቱን ጥያቄ ዛሬ በአደራ ደብዳቤ ልከናል፤ የከፈልንበትን ደረሰኝ ቅጂም አስቀምጠናል። ለጠበቃ ቀጠሮ ይዘናል። ከመሄዳችን በፊት ምን ይዘን እንቅረብ?

የችሎት አስተርጓሚ

ቀኑን በማክበራችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ከፖሊስ የተሰጡትን ወረቀቶች በሙሉ፣ የጀርባቸውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወንድምዎ የፈረመበት የማስጠንቀቂያ ቅጽ ዋናው ነው። ከሠርጉ የወጣበትን፣ የቆመበትን፣ ጣቢያ የደረሰበትንና እንዲነፋ የተጠየቀበትን ሰዓት እንደሚያስታውሰው በራሱ እጅ በአማርኛ ይጻፍ፤ ጠበቃ ማነጋገር እፈልጋለሁ ብሎ ጠይቆ ከነበረ በምን ቃል እንደጠየቀ ይመዝግብ፤ የአርሊንግተኑ ወንድማችን ያነሱት መብት የሚሠራው ለጠየቀ ሰው ነውና። የካሜራው ቅጂ እንዲጠበቅ ጠበቃው በጊዜ ይጠይቅ።

ለአስተዳደሩም ለወንጀሉም ችሎት የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያለ ክፍያ ይመደባል። እርስዎ ወንድሙ ስለሆኑ እዚያ ቆመው ሊያስተረጉሙለት አይፈቀድልዎትም፤ አጠገቡ መቀመጥ ግን ይችላሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

እሺ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአስተርጓሚውን ጥያቄ ዛሬውኑ እንልካለን፤ ሰዓቱንም አብረን ተቀምጠን እንጽፋለን። ችሎቱ እስኪያልቅም ድረስ ወደ ሥራ የማደርሰው እኔ ነኝ።